የቴፒዋ ሴት

ጥቅምት 5፣ ሰኞ

ይህን ደብተር የጀመርኩት ለሰው የማይነገር ነገር ስለበዛብኝ ነው። ለዙሌይካ ብነግራት ከት ብላ ትስቃለች፤ ለእማዬ ብነግራት ታለቅሳለች። ሁለቱንም አልፈልግም።

ነገሩ የአንድ ቁልፍ ነገር ነው። አልአዛር ቅዳሜ ከቴፒ መጣ። ጳጉሜ ላይ ቀለበት አስረናል፣ ሠርጋችን ጥር 12 ነው። እሱ በቡና ወቅት ቴፒ አጠገብ ባለ የቡና ማጠቢያ ተቆጣጣሪ ሆኖ ይሠራል። እሸት ቡና መግባት ከጀመረ ሳምንቱን እዚያው ይከርምና ቅዳሜ ወደ እኛ ከተማ ወደ ሚዛን ይመጣል። የለበሰው ያን ሰማያዊ ሸሚዙን ነበር። ሁለተኛው ቁልፍ ከወለቀ ሰንብቷል፤ አምጣው ልትከልልህ ብዬው ረስቶት ነው የሄደው። ቅዳሜ ግን ቁልፉ ቦታው ላይ ነበር።

ልጠብልህ ብዬ ሸሚዙን አስቀረሁት። እኔና ዙሌይካ የሠርግ ልብስ እናከራያለን፣ ቬሎና ሱፍ። አጥብበን፣ አስፍተን፣ አሳጥረን ነው የምንሰጠው። ስለዚህ የቁልፍ አተካከል አይተን የማን እጅ እንደሆነ እንለያለን። የገበያ ልብስ ሰፊ ክሩን አመላልሶ ይበጥሰዋል። ይሄኛው ግን ሥሩ ላይ በክር ተጠምጥሟል፤ ቁልፉ ከጨርቁ ትንሽ ከፍ ብሎ እንዲቆምና ቀዳዳው እንዳይጨነቅ። እንዲህ የሚተክል ሰው ጊዜ ያለው ሰው ነው። ወይም የሚወድ ሰው።

የደንበኛ ሸሚዝ አስመስዬ ለዙሌይካ አሳየኋት። አገላብጣ አየችውና የሴት እጅ ነው አለች። መቀሷን አንስታ ሥራዋን ከቀጠለች በኋላ ደግሞ፣ «ሚስቱ ግን አይደለችም። ሚስት ለቁልፍ እንዲህ አትጨነቅም» አለች።

ከዚያ ወዲህ እንጀራ አልበላልኝ ብሏል።

ጥቅምት 8

ቸኩያለሁ፣ ደንበኛ ቆሟል። ስደውልለት ከኋላው ሰው ሲስቅ ሰማሁ። ማን ነው ስለው የሥራ ጓደኛዬ ማቴዎስ ነው አለኝ። ሁልጊዜ ማቴዎስ ነው።

ጥቅምት 18፣ እሑድ

ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሚዜዎቹ ለሱፍ ልኬት ሱቅ መጡ። አራት ናቸው፤ ሁለቱ የአልአዛር የአጎት ልጆች፣ ሦስተኛው ፍሬአብ፣ አራተኛው ያ በስልክ የሚስቀው ማቴዎስ። የጎረቤት ፀጉር ቤት ልጆችም መስታወት ልንዋስ ብለው ገቡ። የራሳቸው ሱቅ ዙሪያውን መስታወት ነው።

ፍሬአብ ባንክ ነው የሚሠራው። ቁመናው፣ ጥርሱ፣ ሽቶው፣ ምን ልበል። የመጀመሪያውን ኮት ሲያጠልቀው ኮቱ እሱን ሲጠብቅ የኖረ ይመስል ነበር። ማቴዎስ ደግሞ የሸኮ ልጅ ነው፤ ማጠቢያው ውስጥ የመፈልፈያውን ማሽን የሚያንቀሳቅሰው እሱ ነው። አጭር ነው፤ ትከሻው ከኮቱ ይሰፋል፣ እጁ ከእጅጌው ያጥራል፣ ቅንድቡ ላይ የቃጠሎ ጠባሳ አለው። ካልጠየቁት አይናገርም፣ ሲጠይቁትም ቃል ቆጥሮ ነው።

ወንዶቹ ለስላሳ ሊጠጡ ሲወጡ ሴቶቹ ማን ይበልጥ ያምራል ብለን ፍርድ ቤት ከፈትን። ፍሬአብ ያለ ተቃውሞ አሸነፈ። ከፀጉር ቤቶቹ አንዷ ማቴዎስን ከኋላ አቁሙት፣ ፎቶ ያበላሻል አለች። እኔም ሳቅኩ። መሳቄን ልጻፈው ብዬ ነው።

የሚገርመው ሁላችንም ፍሬአብን ብንመርጥም የምናየው አንድ አይደለም። ልጆቹ ቁመት ነው የሚያዩት። ዙሌይካ ጥፍርና ጫማ ታያለች፤ ራሱን የያዘ ወንድ እኔንም ይይዘኛል ትላለች። እኔ የማየው ድምፅ ነው። ደግሞ ተናግሬ እስክጨርስ ይጠብቀኝ እንደሆነ። አልአዛር ይጠብቃል። እሺ ያልኩትም ለዚህ ነው።

ማታ ቤት ሲያደርሰኝ ለቀልድ ያህል፣ ሴት ብትሆን ኖሮ ከአራቱ ማንን ትመርጥ ነበር ብዬ ጠየቅኩት። ሳቀ። ከዚያ ጥያቄውን እንደ ቁም ነገር ያዘው። በመጨረሻ ማቴዎስን አለ።

«ፍሬአብማ መልከ መልካም ነው፣ ግን አንዴ ካዩት አለቀ። ማቴዎስ ዝም ብለው ሲያዩት አይታይም። ሥራ ላይ ሆኖ ነው ማየት።»

ማሽኑ ሲቆም እጅጌውን እንደሚሰበስብ ነገረኝ። ጎንበስ ሲል ማጅራቱ ላይ የቡና ገለፈት ተለጥፎ እንደሚውል፣ ሳያራግፈው ማሽኑን በጆሮው እንደሚያዳምጥ፣ የት እንደታመመ እንደሚያውቅ። ሲናገር እጁ ይንቀሳቀስ ነበር። አልአዛር ሲያወራ እጁን አያንቀሳቅስም።

ወንዶች ስለ ወንድ መልክ የሚያውቁት ነገር የለም ብዬ ሳቅኩበት። እሱም ሳቀ።

አሁን ተኝቼ ሳስበው ግን ሌላ ነገር ታየኝ። አንደኛ ሚዜ ያደረገው ማቴዎስን ነው፣ ፍሬአብን ሁለተኛ። ፍሬአብ የልጅነት ጓደኛው ሆኖ ሳለ ለምን? አንደኛ ሚዜ የሙሽራውን ምስጢር ሁሉ የሚያውቅ ሰው ነው። ማቴዎስ የቴፒዋን ሴት ያውቃታል ማለት ነው። አፉ የተዘጋውም ለዚህ ነው።

ጥቅምት 24

ፍሬአብ ብቻውን ሱቅ መጣ። ሱፉ ወገቡ ላይ ይጥበብልኝ ብሎ ነው፣ ሱፉ ግን ልክ ነው። የመጣበትን እያወቅኩ ሜትሬን ዘረጋሁ። ከአልአዛር ጋር አብረን ነው ያደግነው፣ እኔን ትቶ ትናንት ያወቀውን የማሽን ሠራተኛ ማስቀደሙ ምን ይሉታል አለ። ፊቱ ላይ ያለው ቂም ለአንድ ሚዜነት ይበዛል። ቴፒ ሄደህ ታውቃለህ አልኩት። አልፎ አልፎ አለኝ። ሴት አይተሃል ልለው አፌ ላይ መጥቶ መለስኩት። በፍሬአብ ፊት ትንሽ የሚያደርገኝን ነገር ሁሉ አልወድም።

ኅዳር 2፣ እሑድ

ዛሬ ብልሃት አገኘሁ። እንደ እኔ ያለች ሴት ሚዛን ውስጥ ያለች አይመስለኝም።

ማቴዎስ ለመለካት ተመልሶ መጣ። ከሱቁ ኮቶች አንዱም አልሆነውም። ትልቁን አምጥቼ ትከሻውን ትቼ ሌላውን ሁሉ ፈትቼ እንደ አዲስ መሥራት ሊኖርብኝ ነው። እጁን ዘርግቶ ቆሟል፣ እኔ በመርፌ ቁልፍ ጨርቁን እይዛለሁ። መሸሽ አይችልም። ዙሌይካ ወደ ቤቷ ሄዳለች።

አንደኛ ሚዜ ለሙሽራ ወንድም ነው አልኩት፤ ነገ ብንጣላ የምመጣው አንተ ጋ ነው። አዎ አለ። እንግዲያው ንገረኝ፣ እዚያ ያለችው ሴት ማን ናት አልኩት።

«ሴት የለችም።»

ፊቱ ላይ ላብ ችፍ አለ። ሐሰተኛ ሰው ያልበዋል። እኔም ያን ጊዜ ነው ያሰብኩት። ከሌለች እሺ፣ እንዳትኖር አንተ ትጠብቅልኛለህ አልኩት። የተከራየሃትን ክፍል ልቀቅ። እስከ ሠርጋችን ድረስ አልአዛር ቤት እደር። ከሥራ አብራችሁ ግቡ፣ አብራችሁ ብሉ፣ ከዓይንህ እንዳይጠፋ።

«ሌሊትም?» አለ።

«ሌሊት ነው እንጂ ዋናው።»

የጥድፊያ ሰው አይደለም። መርፌ ቁልፎቹን አንድ በአንድ ነቅዬ እስክጨርስ ቆሞ አየኝ። ከዚያ፣ «እህቴ፣ ይህን ያልሽው አንቺ ነሽ። አትርሺው» አለኝ። የምረሳ መሰለው። እሺ ብሎ ሄደ።

አሁን የቴፒዋ ሴት የት ትገባ እንደሆነ አያለሁ።

ኅዳር 9

ብልሃቴን ስነግራት ዙሌይካ ሰይጣን ነሽ አለችኝ፣ በደስታ። ባሏ ለንግድ ሲወጣ እሷም የእህቷን ልጅ አብሮት እንዲሄድ ትልክ እንደነበር ነገረችኝ። እንዲህ ያለ ዘበኛ ግን አይታ አታውቅም።

ደግሞም ሠርቷል። አልአዛር ትናንት ሲመጣ ሌላ ሰው ነው። ወፍሯል። ለእማዬ ማር ይዞላት መጣ። የሱቁን በር ሲከፍት ያንጎራጉር ነበር፤ አልአዛር ሲዘፍን ሰምቼ አላውቅም። እኔንም ስለ ሥራዬ ጠየቀኝ፣ ተናግሬ እስክጨርስ ጠበቀኝ።

ኅዳር 17

ጾም ገብቷል። ማታ ጋሽ ከፈለኝ ቤት መጥተው ከእማዬ ጋር ሲያወሩ ጓዳ ሆኜ ጆሮዬን ጣል አደረግኩ። የእማዬ ወንድም ናቸው፤ አባቴ ከሞተ ወዲህ አባቴ እሳቸው ናቸው፤ ሽማግሌዎቹንም የተቀበሉት እሳቸው ናቸው። ስለ አልአዛር ነበር የሚያወሩት።

«እንዲህ ያለ ጨዋ ልጅ በዚህ ዘመን የት ይገኛል፣ ተሾመች? ይኸው ስንት ወር፣ እጇን እንኳ ሲይዛት አላየሁም።»

እማዬ እግዚአብሔር ይመስገን አለች። እኔም ጓዳ ቆሜ ኮራሁ። ከዚያ ሽንኩርት የምከትፍበትን እጄን ሳይ ትዝ አለኝ፤ አልአዛር እጄን የያዘኝ ቀለበቱን ሲያጠልቅልኝ ብቻ ነው። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም የለም። እኔ ደግሞ እስከ ዛሬ አክብሮት ነው እል ነበር። አክብሮት ነው። ምን ሊሆን ይችላል ሌላ?

ኅዳር 25

ፀጉሩን ተቆርጧል። ሳሙና ቀይሯል። ደስተኛ ሰው ያስጠረጥራል፤ በተለይ በቡና ወቅት፣ ሁሉም ሰው እንቅልፍ አጥቶ ዓይኑ በሚቀላበት ጊዜ። ማቴዎስን ደውዬ ጠየቅኩት። ሴት የለችም አለኝ እንደገና። ቃሉን እንኳ አይለውጥም። ወይ እውነቱን ነው፣ ወይ አጥንተውታል።

ሴትዮዋ ማቴዎስን ገዝታው ይሆናል። ወይም እሱም የሚፈራት የባለሥልጣን ሚስት ትሆናለች። እንዲህ እያሰብኩ የሰው ቬሎ በመቀስ ቀደድኩ። ዙሌይካ አላየችም፤ ዳንቴል ደርቤ ሸፈንኩት።

ታኅሣሥ 4

ነገ ቴፒ። ለማንም አልነገርኩም፣ ከዙሌይካ በስተቀር። ድንገት ግቢባቸው አለችኝ።

ታኅሣሥ 5፣ ዓርብ

ሄጄ መጣሁ። ሰውነቴ ሁሉ አቧራ ነው፣ ግን ሳልጽፍ አልተኛም።

በሃይሩፍ ሚኒባስ ነው የሄድኩት። ቴፒ እንደ ሚዛን አይደለም፣ ገና ከመኪና ስወርድ ሙቀቱ ፊቴን መታኝ። ማጠቢያው ደጅ የማድረቂያ አልጋዎቹ እስከ ጫካው ድረስ ተደርድረዋል፤ ግራና ቀኝ ሴቶች ቆመው ቡና ይለቅማሉ። እያንዳንዷን አየኋት። ይቺ ትሆን? ያቺ ባለ ቀይ ሻሽ ትሆን? አንዷ ቀና ብላ ፈገግ ስትልልኝ አንቺ ነሽ አልኩ በሆዴ። ደግሞ ቀጥላ ለሌላም ሰው ፈገግ አለች፤ እንዲያው ፈገግታ የሚቀናት ሴት ናት።

ዘበኛው ለምሳ ወጥተዋል ብሎ ቤቱን አሳየኝ። ከጀርባ ነው የገባሁት፣ የሙዝ ተክል ያለበት። በሩ ክፍት ነበር።

ማቴዎስ የፊት ለፊቱ በር ደፍ ላይ ተቀምጦ ያንን ሰማያዊ ሸሚዝ ይዟል። ሌላ ቁልፍ ወልቆ ይተክል ነበር። በዚያ ወፍራም ጣቱ መርፌዋን አስገብቶ አወጣና ክሩን ከቁልፉ ሥር ይጠመጥም ጀመር፤ ዙሪያውን፣ ቀስ ብሎ። ከዚያ በጥርሱ በጠሰው። አልአዛር በካናቴራ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ያየዋል። አልአዛር አንገቱን ዘንበል አድርጎ የማቴዎስን ማጅራት ነበር የሚያየው። ለካ ገለፈቱ እውነት ነው፣ እዚያው ተለጥፏል። እጁን ዘርግቶ አነሳለት።

ምን ያህል እንደቆምኩ አላውቅም። ሳል ሳልኩ። ሁለቱም ብድግ አሉ።

ከዚያ በኋላ ሁሉም ደህና ነበር። ሽሮ በላን። ማቴዎስ እጅ ያስታጥበን ነበር። ቤቱን ጥግ ጥጉን አየሁት። የሴት ነገር የለም፤ ማበጠሪያ የለም፣ ነጠላ የለም፣ የፀጉር ቅባት የለም። አንድ አልጋ ነው ያለው። ምን አለበት፣ ወንድ ከወንድ ጋር አንድ አልጋ ላይ ማደር በዚህ አገር ማንን ገርሞት ያውቃል። ደግሞም እደር ያልኩት እኔ ነኝ።

በመመለሻዬ መኪና ውስጥ ሳቄ መጣ። ያ ሁሉ ጭንቀት፣ የቴፒዋ ሴት ማቴዎስ ናት! ይህን ለዙሌይካ ስነግራት እንዴት እንደምትስቅ እያሰብኩ እስከ አማን ከተማ ድረስ ሳቅኩ። አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ ምን ነካሽ ልጄ አሉኝ። አልቅሼ ነበር ለካ።

ታኅሣሥ 6

ዙሌይካ፦ አገኘሻት?

የለችም አልኳት።

እንግዲያ ደስ ይበልሽ እንጂ አለች። ደስ ብሎኛል።

ታኅሣሥ 10

የማቴዎስን ኮት ጨረስኩ። ዛሬ ስተኩሰው አንድ ነገር ጠየቅኩ ራሴን። የአልአዛር ማጅራት ምን ይመስላል? አላውቅም። ድምፁን አውቀዋለሁ፣ በጨለማ ብሰማው እለየዋለሁ። ማጅራቱን ግን አላየሁትም። እኔን ያየኝ ሰውስ አለ? ሁላችንም ፍሬአብን አየነው፣ እንደ ሱቅ መስኮት። የማቴዎስን ማጅራት ያየው ግን አንድ ሰው ነው።

ከዚህ በላይ አልጽፍም። ወረቀት ቤት ውስጥ ነው የሚውለው፣ ቤት ውስጥ ደግሞ እኔ ብቻ አይደለሁም ያለሁት።

ታኅሣሥ 13

አልአዛር ደወለ። አላነሳሁም። ሥራ በዝቶብኝ ነው።

ታኅሣሥ 19፣ ዓርብ

ፍሬአብ መጣ። ነጭ ሸሚዝ፣ ያ ሽቶው። ለአንቺ አዝኜ ነው የመጣሁት አለ። ዙሌይካ ከመጋረጃው ወዲያ ጨርቅ እየለካች ነበር፣ አላያትም።

ቴፒ ሄዶ እንደነበር ነገረኝ። አንድ ቃል ተናገረ፣ እዚህ አልጽፈውም። ወንድ ወንድን እንደ ሴት የሚወድበትን። አልአዛርና ማቴዎስ እንደዚያ ናቸው አለኝ። ዓይቻለሁ አላለም፤ ያስታውቃል ነው ያለው። ሰው ጓደኛውን እንደዚያ አያይም አለ። ሕግም አለ፤ ከሕግ በፊት ደግሞ የማጠቢያው ወጣቶች ቢሰሙ ከሁለቱ አንዱ እንኳ በእግሩ አይወጣም። ለጋሽ ከፈለኝ መንገር አለብኝ አለ፣ ሠርጉ ሳይደርስ።

ሜትሬን ከአንገቴ አወረድኩ።

«ማቴዎስን እዚያ ያስተኛሁት እኔ ነኝ።»

ፈጽሞ አልጠበቀውም። እኔ ነኝ ክፍልህን ልቀቅ ያልኩት፣ እኔ ነኝ ሌሊቱንም ጭምር ያልኩት፣ ዙሌይካ ምስክሬ ናት አልኩት። የተናገርኩት ሁሉ እውነት ነው። አሞኝተውሻል አለኝ። ከዚያ ኮቱን አስተካክሎ ወጣ። ወደ ጋሽ ከፈለኝ ቤት በሚወስደው መንገድ ነው የሄደው።

ዙሌይካ ከመጋረጃው ወጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። ምን እንደሰማች፣ ምን እንደገባት አልጠየቅኳትም።

«ፍሬአብ ቆንጆ ነው ብለን ነበር አይደል?» አለች።

«ብለን ነበር።»

ታኅሣሥ 21፣ እሑድ

አልአዛርን ሱቅ ጠራሁት። በሩን ከውስጥ ቆለፍኩ። የፍሬአብን ነገር ሁሉ ነገርኩት። ቬሎዎቹ መካከል ቁጭ አለ፣ ፊቱ አመድ መስሎ። እውነት ነው ወይ ብዬ አልጠየቅኩትም፤ እሱም ሐሰት ነው አላለም።

ሠርጉ ይሁን ካልሽ ይሆናል አለ። ቢሆን ወሬው ይሞታል፣ አውቃለሁ። ሁለት ሌሊት ስገለብጠው የከረምኩት ይህንኑ ነው። ክፉ ባል አይሆንም። አይሰድበኝም፣ አይመታኝም፣ ተናግሬ እስክጨርስ ይጠብቀኛል። ከዚህ ያነሰ ይዘው የሚኖሩ ሴቶች ሞልተዋል፣ ቬሏቸውን የሰፋሁላቸው እኔ ነኝ።

አንድ ነገር ብቻ ጠየቅኩት።

«ያን ቀን ስለ ማቴዎስ እንደነገርከኝ፣ ስለ እኔ ንገረኝ።»

ሞከረ። እግዜር ያውቃል፣ ሞክሯል። ቆንጆ ነሽ አለ። ታጋሽ ነሽ፣ ሠራተኛ ነሽ፣ እጅሽ ጨርቅ ያውቃል። የሥራ ልምድ ምስክርነት ይመስል ነበር። እጁ ጉልበቱ ላይ እንደተቀመጠ ነው፣ አልተንቀሳቀሰም። ከዚያ ራሱ ሰማው። አቀርቅሮ አለቀሰ፣ እኔም አለቀስኩ፤ ይቅርታ አድርጊልኝ፣ እወድሻለሁ አለኝ። እንደሚወደኝ አምናለሁ። የተናደድኩትም ለዚህ ነው። በጣም ተናድጃለሁ። ቀለበት ሲያስርልኝ ያውቅ ነበር፣ ሽማግሌ ሲልክ ያውቅ ነበር፤ የእኔን ዕድሜ እንደ ኮት ደርቦ ሊሸሸግበት ነበር። ይህንንም ነገርኩት።

ግን ስናደድም ያ የቡና ገለፈት ትዝ ይለኛል። እንዴት ቀስ ብሎ እንዳነሳው።

ምንም እንዳትናገሩ፣ ጋሽ ከፈለኝ የሚጠሩት እኔን ነው፣ የምናገረውም እኔ ነኝ አልኩት። ደግሞ ከቴፒ ስትወጡ በተለያየ መኪና።

ታኅሣሥ 30፣ ማክሰኞ

ጋሽ ከፈለኝ ገናን አሳልፈው ዛሬ ጠሩኝ። እማዬ ነበረች፣ ፍሬአብ ነበር። ጋሽ ከፈለኝ ቃሉን አፋቸው አልደፈረውም፤ አንድ ክፉ ወሬ ሰምተናል፣ የምታውቂው ነገር ካለ ንገሪን ነው ያሉት። ከዘራቸውን በሁለት እጃቸው ጨብጠው ነበር። እውነት መሆኑን ቢያምኑ ምን እንደሚያደርጉ ፊታቸው ላይ አየሁት።

ያለቀሰች ሴት ትታመናለች፣ እንባዬም ሩቅ አልነበረም። ሴት አለችው አልኩ።

ሁሉን ነገርኳቸው። ከጥቅምት ጀምሮ እንደጠረጠርኩ፣ ቁልፉን፣ ሳሙናውን፣ ማቴዎስን ዘበኛ አድርጌ ያስገባሁት እሷ እንዳትገባ እንደሆነ። ማቴዎስ አልቻላትም፣ አልፈረድኩበትም አልኩ። ታኅሣሥ 5 ቴፒ ሄጄ በዓይኔ አይቻቸዋለሁ አልኩ። በመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሐሰት የለም።

ፍሬአብ ብድግ አለ። የለችም፣ ሴት የሚባል የለም አለ። ዞሬ አየሁት።

«የልጅነት ጓደኛህ ነው። ሴቲቱን ለመደበቅ ነው በሁለት ሰው ላይ እንዲህ ያለ ነገር የፈጠርከው?»

ጋሽ ከፈለኝ ቀና ብለው አዩትና ውጣ ልጄ አሉት። መልኩ ያን ሰዓት ምንም አልረዳውም።

ከዚያ የሆነውን ለማመን ይከብዳል። ጋሽ ከፈለኝ ተነፈሱ። ፊታቸው በራ። የሴት ነገር ብቻ ነው? አሉ። ወንድ ልጅ ነው፣ ተመክሮ ይመለሳል፣ በዚህ ሠርግ አይፈርስም፤ እኔ ራሴ ቴፒ ወርጄ ሴትዮዋን አስለቅቃታለሁ አሉ። ልስቅ ምንም አልቀረኝም። አልታረቅም አልኩ። ቢለምኑኝም፣ ቢቆጡኝም አልታረቅም አልኩ። ቀለበቱን አውልቄ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት።

ሠርጉ ፈርሷል። እማዬ እንባዋ አላቆመም።

ጥር 5

አልአዛር ማጂ ሥራ አግኝቶ ሄደ፣ ማቴዎስ ወደ ዘመዶቹ ሸኮ። በተለያየ ቀን፣ በተለያየ መኪና። ከዚያ በኋላ ያለውን አልጠየቅኩም፣ ባውቅም እዚህ አልጽፈውም።

ፀጉር ቤቶቹ ፍሬአብን ሲያልፍ ያዩታል አሁንም። ምን ያድርጉ፣ ያምራል።

ጥር 12፣ እሑድ

ሱቁን ከፍቼ ዋልኩ። ቤት ብውል እማዬ ስታየኝ ታለቅሳለች። ሦስት ሙሽሮች መጥተው የተከራዩትን ወሰዱ፤ ሁሉንም መልካም ጋብቻ አልኳቸው፣ ከልቤ።

የማቴዎስ ኮት ማንጠልጠያው ላይ ነው። ለአንዱ ሚዜ ልናጠልቀው ሞከርን፣ ትከሻው ላይ ድንኳን ሆነ። ዙሌይካ ፈትተን እናስተካክለው አለች። ይቆይ አልኳት። መልሳ ሰቀለችው።

ወደ ማታ እማዬ ራት ይዛ ሱቅ መጣች። እንዲህ አድርጋ አታውቅም። ነጠላዋን አስተካክላ ተቀመጠችና ስበላ አየችኝ። ሲያንገበግባት የከረመ ነገር እንዳላት አውቄ ጠበቅኳት።

«ዘርፍዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ አትቆጪኝ። ያቺ የቴፒዋ ሴት... በዓይንሽ ካየሻት... ከአንቺ ትበልጣለች? ቆንጆ ናት?»

ጉርሻውን ዋጥኩ። የለችም ብዬ ልነግራት አፌ ላይ መጥቶ ነበር።

«ዝም ብለው ሲያዩአት አትታይም፣ እማዬ» አልኳት። «ሥራ ላይ ሆና ነው ማየት።»